በስክሪኑ ጥግ ብቅ የሚለውን ቁጥር ማንበብ

ልጆቼ፣ ጨዋታ ስታዩ በእረፍት ሰዓት ስክሪኑ ላይ «ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.40፣ እንግዳው 3.50» የሚል የአቋማሪ ድርጅት ማስታወቂያ ያልፋል። አብዛኞቻችሁ የምታነቡት እንደ ትንበያ ነው፤ ጨዋታውን የሚያውቁ ሰዎች አስበው የደረሱበት ግምት ይመስላችኋል። ግምት በውስጡ እንዳለ እውነት ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ዋጋ ነው፣ ዋጋ ደግሞ የሻጭ ትርፍ ታክሎበት ነው የሚለጠፈው። ዕድሜዬን ከዕድል ስሌት ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ዋጋ እንዴት እንደምትፈቱት ላሳያችሁ።

ካልኩሌተር ይበቃችኋል። ቁጥሮቹ ኦድ ይባላሉ፤ ውርርዱ ከተሳካ ካስያዛችሁት ስንት እጥፍ እንደሚከፈላችሁ ይናገራሉ። 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሉት። 1 ለ2.10 ሲካፈል 47.6 በመቶ፣ ለ3.40 ሲካፈል 29.4 በመቶ፣ ለ3.50 ሲካፈል 28.6 በመቶ ይሰጣል። ሲደመር 105.6 ነው። ጨዋታው ከሦስቱ ውጤቶች በአንዱ ብቻ ስለሚያልቅ ድምሩ 100 መሆን ነበረበት። የተረፈችው 5.6 የአቋማሪው ድርጅት ድርሻ ናት። ሦስቱንም ውጤቶች በየድርሻቸው የገዛ ሰው 105.6 ከፍሎ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ 100 ይቀበላል።

ይህንኑ ስሌት በትክክለኛ ውጤት ውርርድ ላይ፣ ማለትም 1 ለ 0፣ 2 ለ 1 እያሉ በሚዘረዝሩት ላይ ሞክሩት። ድምሩ ከ120 የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ማስታወቂያው የትኛውን ውርርድ መርጦ እንደሚያሳያችሁ አስተውሉ። «አጥቂው መጀመሪያ ያገባል፣ ቡድኑም 3 ለ 1 ያሸንፋል» የሚለውን ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ነገር እንደ ታሪክ በዓይነ ኅሊና ስለሚታይ የሚሆን ይመስላል። ይሁን እንጂ ቅድመ ሁኔታ በተጨመረ ቁጥር የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ የድርጅቱ ትርፍም አብዛኛውን ጊዜ የሚወፍረው እዚያው ላይ ነው።

ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት መቁረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። 8 ጨዋታ መረጣችሁ እንበል፤ እያንዳንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 70 በመቶ ነው፣ ማለትም በጣም ጥሩ መራጮች ናችሁ። 0.7ን 8 ጊዜ በራሱ ስታባዙት 5.8 በመቶ ይወጣል። ከ100 ትኬት 6 እንኳ አይሞላም። በየጨዋታው 5 በመቶ የሚወስድ ድርጅት ደግሞ በስምንቱ ላይ ትርፉ ስለሚባዛ፣ በረጅም ጊዜ ካስያዛችሁት 100 ወደ 66 ብቻ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ስሌት አለ፤ ከስምንቱ ልክ ሰባቱን የማግኘት ዕድል 20 በመቶ ያህል ነው። «በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ» የምትሉበት ቀን ከምታሸንፉበት ቀን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበዛል ማለት ነው። ተቃርባችሁ እንደነበር፣ ለቀጣዩ ሳምንት ትንሽ ብቻ እንደቀራችሁ የሚሰማችሁ ስሜት ከችሎታችሁ የመጣ አይደለም፤ የማባዛቱ ውጤት ነው። ትኬቱን እንደገና የሚያስቆርጣችሁም ይኸው ስሜት ነው።

ወደ ላይቭ ውርርድ፣ ማለትም ጨዋታው እየተካሄደ ወደሚደረገው ልግባ። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ጨዋታ ሜዳ ላይ ካለው በሰከንዶች ይዘገያል፤ በኢንተርኔት የምታዩት ከሆነ መዘግየቱ ግማሽ ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። አቋማሪው ድርጅት ግን መረጃውን የሚያገኘው ስታዲየም ውስጥ ተቀምጠው እያንዳንዱን ክስተት ከሚመዘግቡ ሰዎች ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ እናንተ ሳታዩ ኦዱ ተዘግቷል። ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላም ውርርዱ ወዲያው አይጸድቅም፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ መሃል ሁኔታው ለእናንተ ካደላ «ኦዱ ተቀይሯል» ይላችኋል። ጨዋታውን ቀድሟችሁ ከሚያይ ሻጭ ጋር ነው የምትገበያዩት።

ከመዘግየቱ የሚብሰው ግን ፍጥነቱ ነው። ከጨዋታው በፊት የሚቆረጥ ትኬት አንድ ውሳኔ ነው፤ ውጤቱም ከ90 ደቂቃ በኋላ ይታወቃል፣ በመሃሉ ልብ ይረጋጋል። ላይቭ ላይ ቀጣዩ ኮርና፣ ቀጣዩ ካርድ፣ ቀጣዩ ጎል እያለ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሠላሳ ውሳኔ ያስወስናል። የተበላ ሰው ሐዘኑ ሳይበርድ ማስመለሻ ይቀርብለታል። ኪሳራውም የሚሰላው ባስገባችሁት ሳይሆን ባዞራችሁት ገንዘብ ላይ ነው። በ100 ሂሳብ 30 ጊዜ ከተወራረዳችሁ ያዞራችሁት 3,000 ነው፤ ድርጅቱ 7 በመቶ ቢወስድ በአማካይ 210 ሄዷል። ጎል በገባ በደቂቃው ስልካችሁ ላይ መልእክት የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ ደማችሁ ሲሞቅ ስሌት አትሠሩም።

ካሽ አውትም፣ ማለትም ጨዋታው ሳያልቅ ትኬቱን መልሶ ለድርጅቱ መሸጥ፣ ቢሆን ስጦታ አይደለም። 100 በ4.00 አስይዛችሁ ቡድናችሁ እየመራ የማሸነፍ ዕድሉ 62.5 በመቶ ደርሶ ከሆነ፣ የትኬቱ እውነተኛ ዋጋ 250 ነው። 230 ቢያቀርቡላችሁ 20ዋ ሁለተኛ ትርፍ ናት። ቦነስም እንዲሁ ነው፤ «100 አስገባ፣ 100 እንጨምርልሃለን» ካሉ በኋላ ከታች በደቃቁ ድምሩን 10 ጊዜ አዙር ይላል። 2,000 ስታዞሩ በ5 በመቶ 100 ይበላል፤ የተሰጣችሁ ቦነስ ያው ተመልሶ ሄደ።

አንዳንድ አገሮች የውርርድ ማስታወቂያን ለመግታት ሞክረዋል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጣሊያን በ2018 ባወጣችው ሕግ ከለከለች፤ ስፔን ከ2020 ወዲህ የቴሌቪዥኑን ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ወሰነች። በብሪታንያ ከ2019 ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት በሚተላለፍ ጨዋታ ላይ፣ ከመጀመሩ 5 ደቂቃ በፊት አንስቶ ካለቀ 5 ደቂቃ በኋላ ድረስ ማስታወቂያ አይገባም፤ የሜዳው ዙሪያ ሰሌዳና ማሊያው ግን ከዚህ ውጭ ስለነበሩ የአቋማሪው ስም ከዓይን አልጠፋም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም በ2023 የተስማሙት ስሙን ከማሊያው ደረት ላይ ለማንሳት ነው፣ ከእጅጌው አይደለም። ስለዚህ ሕጉን ብቻ አትጠብቁ።

ዛሬውኑ የመተግበሪያውን ማሳወቂያ ዝጉ፣ ስልኩ ላይ የተቀመጠውን የክፍያ መረጃ አጥፉ። ከዚያ የስድስት ወር የሂሳብ መግለጫ አውጥታችሁ ያስገባችሁትንና ያወጣችሁትን ለየብቻ ደምሩ። በቃል አትቁጠሩ፤ የበላንበትን ቀን እናስታውሳለን፣ የተበላንባቸው ትናንሽ ቀኖች ግን ይረሳሉ። ልዩነቱ ካስደነገጣችሁ ራስን የማገድ አማራጭ፣ ማለትም ድርጅቱ እንዳያስወራርዳችሁ ራሳችሁ የምትጠይቁበትን፣ ፈልጉና ረጅሙን ጊዜ ምረጡ። እገዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚያ ድርጅት ላይ ብቻ ስለሆነ በከፈታችሁበት ሁሉ አንድ በአንድ መድገም ያስፈልጋል። የተበላውን ለማስመለስ በፍጹም አትበደሩ።

ጓደኛችሁ ስሙን እንኳ በማያውቀው ሊግ ጨዋታ ሌሊት የሚያመሽ፣ ከሜዳው ይልቅ ስልኩን የሚያይ፣ ስትጠጉት ስክሪኑን የሚገለብጥ ከሆነ ብቻውን አትተዉት። ዕዳ አለብኝ ቢላችሁ ገንዘቡን በእጁ አትስጡት፤ መርዳት ከቻላችሁ ለአበዳሪው ራሳችሁ ክፈሉ። ስድብና ምክርም አታስቀድሙ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ አካውንቱን ሲዘጋ አብራችሁት ሁኑ፣ የሚቀጥለውን ትልቅ ጨዋታም ስልኮቻችሁን ሌላ ክፍል ትታችሁ አብራችሁት እዩ።