ስለ ሐይቅ አሳና ስለ ዲዲቲ ጠይቁኝ (ድሬዳዋ)

ኬሚስቱ፦ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ አሳና ስለ ተባይ ማጥፊያው መርዝ ስለ ዲዲቲ አጣደፋችሁኝ፤ እዚሁ ልመልስ። የአሳውን ዓይነትና የመጣበትን ሐይቅ ሳትጽፉ አትጠይቁ።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሳ ለጤና ጥሩ ነው?

ኬሚስቱ፦ የቱ አሳ? የየት?

ሳቢያን፦ የዝዋይ ቆሮሶና አምባዛ እኩል ናቸው?

ኬሚስቱ፦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው። እኩል አይደሉም። ዲዲቲ ውኃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፤ ስብ ነው የሚወደው። ጎርፍ ከማሳ አጥቦ ሐይቅ ያስገባውና ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል። ደለሉን ትል ይበላዋል፣ ትሉን ትንሽ አሳ፣ ትንሹን ትልቁ፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መርዙ ይጠራቀማል። ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ የሚግጠው አልጌ ነው። አምባዛ ግን ያገኘውን ሁሉ፣ ሌላ አሳም ሳይቀር ይውጣል። ስትበልቱ ሆዱ ውስጥ የተጋገረውን ቢጫ ስብ፣ ቆዳውንና ጉበቱን ጣሉ። ማጠብ አይጠቅምም። ሎሚ ሽታ ያጠፋል እንጂ ዲዲቲ አያጠፋም።

እናት፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ስቡን ካወጣሁ በቃ?

ኬሚስቱ፦ አይበቃም እህቴ። ከዲዲቲ ሌላ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረትም አለ፤ እሱ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው፤ ስብ ብታወጪም ብትጠብሺም አይወጣም። ትንንሽ ቆሮሶ ብዪ፣ ሌላ አሳ እየበላ ያደገውን ትልልቁን ተዪው። አሳ ጨርሰሽ ግን አታቁሚ፤ ለፅንሱ አእምሮ ይጠቅማል። ሌላውን ሐኪምሽን ጠይቂ።

ሳቢያን፦ ዲዲቲ ታግዷል አይደል እንዴ?

ኬሚስቱ፦ ለእርሻ አዎ። እንዲህ ያሉ ቶሎ የማይጠፉ መርዞችን የሚገድበው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፣ አገራችን በ2003 እ.ኤ.አ. አጸደቀችው። ለወባ ትንኝ ርጭት ግን በር ተውለት። እኛም አገር አዳሚ ቱሉ፣ ከዚያው ከዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ይዘጋጅ ነበር። ለወባ ተብሎ ለቤት ግድግዳ የተሰጠው ጫት ላይ ሲረጭ የማያውቅ ሐረርጌ ውስጥ ማን አለ? አፈር ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል።

አቦ ነኝ፦ አሁን ጫትን ከአሳ ምን አገናኘው? አቦ ተወን!

የጀጎል፦ ሳታጥብ የምትቅመው አንተ ነህ እኮ የሚያሳስበው።

አቦ ነኝ፦ አንተ በጾም አሳ የምትበላው ትመክረኛለህ?

የጀጎል፦ አሳ ፍስክ ነው ያለህ ማነው?

ኬሚስቱ፦ ጾሙን ለንስሐ አባታችሁ። አገናኙ ጎርፍ ነው፤ ከላይ ጽፌዋለሁ። የሐረማያን ሐይቅ እዩት፤ ደርቆ ነበር፣ ውኃው ተመለሰ፣ ዙሪያው ጫትና አትክልት ነው። ከማሳው የሚወርደው ዝናብ ሌላ የት ይሄዳል? እዚያ አሳ ለማርባት የምታስቡ መጀመሪያ ደለሉን አስመርምሩ። ውኃውን ብቻ አስለክታችሁ «ንጹሕ ነው» አትበሉኝ፣ መርዙ ያለው ታች ነው።

የከዚራ ልጅ፦ የጅቡቲ አሳስ?

ኬሚስቱ፦ የባሕር ነው፣ ሌላ ቀን።

አዲስ ገባሁ፦ በሎሚ አሽቼ በደንብ ብጠብሰውስ?

ኬሚስቱ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ!

እናት፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ፤ ጭንቅላቱን ለሾርባ?

ኬሚስቱ፦ የትልቅ አምባዛ ከሆነ አይሆንም። የቆሮሶ ከሆነ ቀቅዪው፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ግን በማንኪያ እየገፈፍሽ ድፊው።