ዞር ስል ጌም ይከፈታል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ9ኛ ክፍል የአይቲ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ላባችን ውስጥ የሚሠሩት 20 ናቸው፤ ተማሪዎቹ ግን ከ50 ይበልጣሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ሩቡ በቦታ ሽሚያ ያልቃል። ሳስረዳ የሚሰማኝ የለም፣ ዞር ስል ጌም ይከፈታል፣ ስጠጋ በሰከንድ ወደ ኤክሴል ይመለሳሉ። ርእሰ መምህሩም ጫጫታው በዛ እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ከልጆቹ በፊት ጠረጴዛዎቹን እንይ። እንደ ብዙው ላብ ፊታቸው ወደ ሰሌዳው ከሆነ፣ እርስዎ የሚያዩት የሞኒተር ጀርባና የልጆች ግንባር ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ማን ጌም አይከፍትም? ከተቻለ ጠረጴዛዎቹን በሦስቱ ግድግዳ ዙሪያ ያስጠጓቸው፣ ስክሪኑ ወደ መሃል ይዙር። መሃል ቆመው አንዴ ዞር ሲሉ ሁሉንም ያያሉ፣ ከጌም ወደ ኤክሴል በሰከንድ የሚያሻግሩትን ቁልፎች፣ ኦልት ታብን፣ የሚነካውም ጣት ያስታውቃል። ሶኬቱም አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ስለሆነ ገመድ መሃል ለመሃል አይጎተትም። ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ እንዳይሰኩ ብቻ አደራ። ጠረጴዛው የማይነቀል ከሆነ ደግሞ ከኋላ ቆመው ያስተምሩ።

ስክሪን እየበራ ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው። የዕለቱን ሥራ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት፣ እዚያው መማሪያ ክፍላቸው ጨርሰው ይንገሯቸው። ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርገው በቡድን ይመድቡና የኮምፒውተር ቁጥር ለእያንዳንዱ ቡድን ለሴሚስተሩ ይስጡ፣ ሽሚያውም በዚያው ይቀራል። መሃል ላይ የሚናገሩት ነገር ከመጣ «ሞኒተር አጥፉ» ይበሉ። ሞኒተሩን ነው እንጂ ሲፒዩውን (ዋናውን ሣጥን) አይደለም፤ ይህን ቀድመው ካላሳዩ አንዱ ዋናውን ማብሪያ ተጭኖ የቡድኑን ሥራ ድራሹን ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ማውሱ። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ አንዴ ከያዘው እስከ ደወል አይለቅም፣ የቀሩት ሁለቱ ተመልካች ይሆናሉ፣ ወሬውና ረብሻውም የሚመጣው ከእነዚህ ሥራ ፈቶች ነው። አንዱ ማውስ ይያዝ፣ አንዱ መመሪያውን ከወረቀት ያንብብ፣ ሦስተኛው የተሠራውን ይፈትሽ፤ በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ። መርዳት የፈለገ በአፉ ይርዳ፣ እጁን ከኪቦርዱ ያርቅ። ይህ ሕግ እርስዎንም ይመለከታል፤ ማውሱን ነጥቀው ከሠሩለት ልጁ ምንም አልተማረም።

ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የተያያዙ ከሆነ ቬዮን የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ድሮ አይታልክ ይባል ነበር። ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የሁሉንም ስክሪን ከአንድ ቦታ ያሳይዎታል፣ ሲፈልጉም ይቆልፉታል። መጫኑን ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው፤ ተደብቆ መሰለል ደስ አይልም። ደግሞ እሱን ተማምነው ወንበርዎ ላይ እንዳይቀሩ።

ጌም ከሚከፍቱት ብዙዎቹ ቶሎ ጨርሰው የሰለቻቸው ናቸው። ተጨማሪ ሥራ ይያዙላቸው፦ የጤፍ፣ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ከሰፈራቸው ጠይቀው ይምጡና በኤክሴል ድምርና አማካይ ያውጡ፣ ከዚያ ግራፍ ይሥሩበት። መብራት መጥፋቱ አይቀርምና ያው ሥራ በወረቀትም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በተቀያየሩ ቁጥር ሥራውን ሴቭ የሚያደርገውን ኮንትሮል ኤስ ማስነካቱንም አይርሱ።

ጫጫታው? ሦስት ልጆች አንድ ቀመር ላይ ሲከራከሩ ዝም አይባልም። ርእሰ መምህሩን አንድ ቀን ይጋብዟቸውና መሃል ላይ ቆመው ስክሪኖቹን ይዩዋቸው።