አህጉራዊ ውድድር ማስተናገድ ማኅበራችንን ያጠናክረዋል ወይስ ያደክመዋል? ለተባለው

ሰላም ለሁላችሁ። እኅታችን የጠየቀችው ይህ ነው፦ የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ማኅበራቸው አምስት ቋሚ ሠራተኞች አሉት፤ አህጉራዊ ውድድር እንዲያዘጋጁ ተጠይቀዋል፤ ይህ ማኅበሩን ያጠናክረዋል ወይስ ያደክመዋል? ሁለቱንም ያደርጋል። የትኛው እንደሚያመዝን የሚለየው ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት በተጻፈው ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚጎዳው የሰው ኃይል ነው። አምስት ሰው ባለበት ቢሮ ጸሐፊው ቪዛ ተከታታይ፣ የሥልጠና ኃላፊው ሆቴል ፈላጊ፣ ክልል ለክልል እየዞረ ልጆች የሚመለምለው አሠልጣኝ ደግሞ አውቶቡስ አፈላላጊ ይሆናል። ምልመላው ለአንድ ዓመት ሲቋረጥ ለጊዜው ማንም አያስተውለውም፤ ክፍተቱ የሚታየው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ፣ ተተኪ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ አዘጋጅ ኮሚቴው ለብቻው ይቋቋም፤ የራሱ የባንክ ሂሳብ፣ የራሱ ፈራሚዎችና የራሱ ኦዲት ይኑረው። ከማኅበሩ ሁለት ሰው ብቻ ወደዚያ ይሂድ። ክለቦችንና ምልመላን የያዘው ሰው በምንም ምክንያት አይነካ። ሂሳቡ ከተቀላቀለ የውድድሩ ዕዳ የማኅበሩ ዕዳ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ማኅበር የሚወድቀውም በዚህ ነው።

ስለ ገንዘብ ሁለት አገሮችን ማነጻጸር ይጠቅማል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንግሊዞች ለንደን 2012 ላይ 2.7 ሚሊዮን የፓራሊምፒክ ትኬት ሸጡ፤ 34 ወርቅ ጨምሮ 120 ሜዳሊያ አገኙ። የመንግሥት ድጋፉ ግን ሜዳሊያን ተከትሎ የሚሰጥ ነበር። የዊልቸር ራግቢ ቡድናቸው በ2016ቱ የሪዮ ፓራሊምፒክ ላይ አምስተኛ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለስፖርቱ የተያዘው ድጋፍ በሙሉ ተነሳ። ያው ቡድን በነሐሴ 2021 ቶኪዮ ላይ አሜሪካን 54 ለ 49 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ተጫዋቹ ጥቂት፣ ዕቃው ውድ የሆነን ስፖርት በአንድ ውድድር ውጤት መመዘን ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ብራዚሎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ሪዮ ከመድረሱ በፊት፣ በ2015 ባወጡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከሎተሪ ለስፖርት የሚሰጠውን ድርሻ ከ2 በመቶ ወደ 2.7 በመቶ አሳደጉ፤ ከዚህም የፓራሊምፒክ ኮሚቴው ድርሻ ከ15 በመቶ ወደ 37.04 በመቶ ከፍ አለ። በ2016 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የተከፈተውን የማሠልጠኛ ማዕከልም ኮሚቴው ራሱ ያስተዳድረዋል። ልብ በሉ፣ የዚያው የሪዮ ፓራሊምፒክ አዘጋጆች መክፈቻው ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ገንዘብ አልቆባቸው ነበር፤ ለአገሮች የሚከፈለው የጉዞ ድጎማ ዘገየ፣ የአገልግሎት ወጪም ተቀነሰ። የውድድሩ ካዝና ሲራቆት በሕግ የተጻፈው የሎተሪ ድርሻ ግን ጸንቶ ቆየ። ብራዚል ሪዮ ላይ በሜዳሊያ ሰንጠረዥ 8ኛ ነበረች፤ ቶኪዮ ላይ 7ኛ፣ ፓሪስ 2024 ላይ በ89 ሜዳሊያ 5ኛ ሆነች። እናንተም ከመንግሥት ጋር ስትደራደሩ የአንድ ጊዜ በጀት ብቻ አትጠይቁ። ሁሉም ውድድሩን በሚፈልግበት በዚያ ሰዓት፣ ትንሽም ብትሆን በየዓመቱ የምትገባ ድርሻ በጽሑፍ አስገቡ። ውድድሩ ካለፈ በኋላ ሰሚ አይገኝም።

ስፖንሰር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በትልልቅ ጨዋታዎች የአዘጋጁ አገር ፓራሊምፒክ ኮሚቴ የማስታወቂያና የዓርማ መብቱን ለአዘጋጅ ኮሚቴው ያስተላልፋል፤ እስኪመለስለት ድረስ በራሱ ስም ስፖንሰር ማፈላለግ ይከለከላል። መብቱ የሚመለስበት ቀን ቁርጥ ብሎ ይጻፍ፤ እስከዚያም በየሩብ ዓመቱ የሚከፈላችሁ የተወሰነ ገንዘብ ይኑር። ነባሩ ደጋፊያችሁም በጀቱን ወደ ውድድሩ አዙሮ በቀጣዩ ዓመት «ባለፈው ሰጥተን የለ?» ይላችኋል፤ የሁለት ዓመት ውል አስቀድማችሁ አስፈርሙት።

በጀት ላይ ሁሌም የሚረሳው የጉዳት ምድብ ምርመራ ነው፤ አትሌቱ ከየትኞቹ ጋር እንደሚወዳደር በጉዳቱ ዓይነትና መጠን የሚወሰንበት ማለት ነው። ይህን የሚወስኑት ዓለም አቀፍ መዳቢዎች ከውድድሩ ቀናት ቀድመው ይገባሉ፤ ትኬታቸው፣ ሆቴላቸውና አበላቸው በማን እንደሚሸፈን ይወሰን። ጸጥ ያለ፣ የሚዘጋ ክፍል፣ የመመርመሪያ አልጋ፣ ለዓይን ምርመራ ብርሃኑን መቆጣጠር የሚቻልበት ክፍል ያስፈልጋል። የራሳችን አትሌቶች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በሐኪም የተፈረመ ማስረጃ ስለሚጎድላቸው ነው፤ የስፔሻሊስት ቀጠሮ ወራት ስለሚወስድ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ። ከመዳቢዎቹ ጎን አራት አምስት የአገር ውስጥ ፊዚዮቴራፒስቶችና የዓይን ሐኪሞች ቆመው እንዲማሩ አድርጉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከውድድሩ በኋላ አገር ውስጥ ይቀራል።

ሆቴል «ተደራሽ ነው» ሲላችሁ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። መግቢያው ላይ መወጣጫ ሠርቶ የመታጠቢያ ቤቱ በር 60 ሳንቲም የሆነ ሆቴል ብዙ ነው፤ ዊልቸር አያስገባም። መወጣጫውም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ 60 ሳንቲም ደረጃ ካለ 7.2 ሜትር መሆኑ ነው። የመጫወቻ ዊልቸር ጎማው ወደ ውጭ የተንጋደደ ስለሆነ ወለሉ ጋ ይሰፋል፤ ስፋቱን ከታች ለኩ፣ ያንን ይዛችሁ የአዳራሹን በርና የአውቶቡሱን ማንሻ አመሳክሩ። የጥገና ጠረጴዛም አይቅር፦ ከመነዳሪ፣ ጎማ፣ ራጂ፣ ኩሽኔታ፣ አንድ በያጅ። ለውድድሩ የሚገባው ዕቃ በጊዜያዊነት ከገባ ተመልሶ ይወጣል፤ ለማኅበሩ እንዲቀር ከተፈለገ ከጉምሩክ ጋር ቀድሞ መነጋገር ግድ ነው።

ውድድሩ እንዳለቀ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይመጣል፤ የኮንትራት ሠራተኛው ይሰናበታል፣ ስልኩ ደግሞ መደወል ይጀምራል። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ የማየት ችግር ባለባቸው አትሌቶች የ1500 ሜትር ሩጫ ለአገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ፣ ዓይኑ የደከመ ልጅ ያላት እናት ሁሉ «የኔንስ ልጅ የት ልውሰደው?» ብትል ምን ይገርማል? ውድድር በደጃችሁ ሲደረግ ጥያቄው ይበልጥ ይበዛል። ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው፣ በየከተማው ያሉ ክለቦችና የልምምድ ቀናቸው የተጻፈበት ዝርዝር ከመክፈቻው በፊት ይዘጋጅ። የሂሳብ ሠራተኛውን ግን ቢያንስ ስድስት ወር አቆዩት፤ የዘገየ ደረሰኝና ኦዲት ይጠብቀዋል፤ ደመወዙም ከአሁኑ በጀት ውስጥ ይግባ።

እኅታችን፣ የስምምነቱ ረቂቅ ከደረሳችሁ ሁለት ነገር እዪልን፦ የመዳቢዎቹን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ኪሳራ ቢመጣስ ተጠያቂ የሚሆነው ፈራሚ ማን እንደሆነ። እሱን ጻፊልንና በቀሪው እንቀጥላለን።