ለበጎ ሥራ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ሕፃናትን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ ለሦስት ዓመት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። አሁን ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራርና አስተዳደር በማስተርስ ልማር ብል ጓደኞቼ «ለቅንነት ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ቢዝነስ አይሻልሽም?» እያሉ ግራ አጋቡኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ቅንነቱ አለሽ፤ እሱን ማንም አያስተምርሽም። የጎደለውን ግን ትማሪያለሽ። አስቢው፤ ለመጻሕፍት ብቻ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፣ የቢሮ ኪራይ ነገ ይከፈላል፣ ሌላ ሳንቲም የለም። «በኋላ እንተካዋለን» ብለሽ ከነካሽው ለጋሹ እምነት ያጣብሻል፣ በሕግም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ብዙ ደግ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፣ ሰርቀው ሳይሆን ሳያውቁ። የፋይናንስ ኮርሱን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።

ቢዝነስም መጥፎ አይደለም። ልዩነቱ ግን ንግድ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ራሱ ተጠቃሚው ነው፤ እዚህ የሚከፍለው ሌላ፣ የሚጠቀመው ሌላ ስለሆነ ተረጂው ምንም ባይጠቀም እንኳ ሪፖርቱ ካማረ ገንዘቡ መምጣቱን ሊቀጥል ይችላል፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ሥራው ለውጥ ማምጣቱን መለካት የሚባለው ትምህርት ለዚህ ነው የሚጠቅምሽ። ደግሞ ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅትም ትርፍ ማግኘት ክልክል አይደለም፤ ክልክሉ ለግለሰቦች መከፋፈሉ ነው።

ከመመዝገብሽ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቂ። የተግባር ልምምድ ከሌለው ሌላ ቦታ ፈልጊ። ከቻልሽ ድርጅቱን ሳትለቂ በማታ ተማሪ፤ ማታ ክፍል የሰማሽውን ጠዋት ሥራ ላይ ትሞክሪዋለሽ።