ላይሰንስ ይዞ ስቴት መቀየር፦ የነርሶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የነርሶቹ በርከት ስላሉ አንድ ላይ ላንሳቸው።

«የሜሪላንድ አርኤን (ሬጂስተርድ ነርስ) ነኝ። ባለቤቴ ዳላስ ሥራ አግኝቶ ልንሄድ ነው። ላይሰንሴን ለማዛወር ድጋሚ ፈተና አለብኝ?»

የለብሽም። ኤንክሌክስን፣ ማለትም የነርስ ላይሰንስ ፈተናውን፣ አንዴ ካለፍሽ አለፍሽ ነው። ሜሪላንድም ቴክሳስም የነርሶች ኮምፓክት (ስቴቶች በነርስ ላይሰንስ ላይ ያደረጉት ስምምነት) አባል ናቸው። መጀመሪያ ላይሰንስሽ «መልቲስቴት» (በአባል ስቴቶች ሁሉ የሚያሠራ) መሆኑን ናርሲስ በሚባለው የነርስ ላይሰንስ ማጣሪያ ድረ ገጽ ላይ እዪ፤ በነጻ ነው። ከሆነ፣ ዳላስ እንደገባሽ በሱ መሥራት ትችያለሽ። ብዙዎች የሚዘናጉት ከዚህ በኋላ ነው። ኑሮሽን ካዛወርሽ በ60 ቀን ውስጥ ለቴክሳስ የነርሶች ቦርድ በኢንዶርስመንት (ባለሽ ላይሰንስ መሠረት አዲሱን በማውጣት) ማመልከት አለብሽ፤ ደንቡ ከጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራል። መንጃ ፈቃድሽንም ቶሎ ቀይሪ፤ አንዱ የነዋሪነት ማስረጃሽ እሱ ነው።

«ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የቨርጂኒያ መልቲስቴት ላይሰንስ አለኝ። ዲሲ ሆስፒታል ብቀጠር ችግር አለው?»

አለው፣ ወንድሜ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ኮምፓክቱ ውስጥ አሉ፤ መሃላቸው ያለችው ዲሲ ግን የለችበትም። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደህ መሥራት ትችላለህ። ድልድዩን ተሻግረህ ዲሲ ለመሥራት ግን የዲሲ ላይሰንስ ማውጣት የግድ ነው። መልቲስቴቱን የሚሰጥህ የምትኖርበት ስቴት ነው። የትኛው ላይሰንስ እንደሚያስፈልግህ የሚወስነው ደግሞ በሽተኛው ያለበት ቦታ ነው። ሳሎንህ ቁጭ ብለህ በስልክ ብታክመውም ያው ነው።

«ከሲያትል ወደ ኦክላንድ ልዛወር ነው። አዲሱ ቀጣሪዬ በሁለት ሳምንት ጀምሪ ይለኛል።»

በሁለት ሳምንት? እኔ ብሆን የያዝኩትን ሥራ አልለቅም። ካሊፎርኒያ ኮምፓክቱ ውስጥ ስለሌለች ለብቻዋ ታመለክቻለሽ። ከትምህርት ቤትሽ ትራንስክሪፕት፣ የዋሽንግተን ስቴት ላይሰንስሽ ማረጋገጫ፣ አሻራም ይፈለጋል። ሰውን የሚያጉላላው አሻራው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆንሽ ላይቭ ስካን በሚሉት ማሽን ይነሳና ወዲያው ይላካል። ከውጭ ከሆነ በካርድ ላይ ተነስቶ በፖስታ ይሄዳል፤ ያ ይዘገያል። ነርስ ደግሞ እጁን ሲታጠብና ሳኒታይዘር ሲቀባ ስለሚውል የጣቱ መስመር ይደበዝዛል። ካርዱ «አይነበብም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ቤት ልታዪ ኦክላንድ ብቅ የምትዪ ከሆነ እግረ መንገድሽን እዚያው ተነሺ። ጊዜያዊ ላይሰንስም አለ፤ እሱም ቢሆን ያለ አሻራ አይሰጥም። የዋሽንግተኑም ጊዜው እንዳያልፍብሽ።

«ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። ኮምፓክቱ እኔንም ይመለከታል?»

አይመለከትሽም፤ ለአርኤንና ለኤልፒኤን (ላይሰንስድ ፕራክቲካል ነርስ) ብቻ ነው። ሲኤንኤ በየስቴቱ መዝገብ ነው የሚሠራው። ወደምትሄጂበት ስቴት መዝገብ እንዲያስገቡሽ ታመለክቻለሽ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የእኛ ሰው ስም ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ አንድ ዓይነት፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ የለም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት አስተካክዪው።