መልስ፦ ዘጌ ላሉት እናቴ የስልክ ቀጠሮ ይበቃል ወይ?

ሰላም እህቴ። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት ያለባቸውን እናትሽን የአዲስ አበባ ሐኪማቸው በስልክ ብቻ ቢከታተላቸው ይበቃል ወይ ብለሻል። ሕመሙ ረገብ ባለበት ጊዜ፣ አዎ። መድኃኒቱ ተስማምቷቸው እንደሆነ፣ መጠኑ ይቀነስ ወይስ ይቀጥል የሚለው በአብዛኛው በንግግር ያልቃል።

ስልክ ግን ሆድ አይዳስስም፤ ሰገራም አይመረምርም። ይህ ደግሞ ለጣና ዳር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ የቆየው በሽታ ተቀሰቀሰ ብሎ መደምደም ይቀናል። አሜባም ቢልሃርዚያም ግን ያንኑ ያመጣሉ፤ ቢልሃርዚያ በሐይቁ ዳርቻ የታወቀ ነው። ሳይመረመር ፕሬድኒሶሎን የተባለው፣ ቁስለቱን የሚያበርድ ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቢጨመርና ጥፋተኛው አሜባ ቢሆን፣ ሕመሙ ክፉኛ ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ በጀልባ ባሕር ዳር ተሻግረው የሰገራና የደም ምርመራ ያሠሩ፤ ውጤቱን ፎቶ አንሥተሽ ከቀጠሮው በፊት ላኪ። አዛታዮፕሪን የተባለውን የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የደም ምርመራው ፈጽሞ አይዘለልም።

በቀጠሮው ሰዓት የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ሁሉ አጠገብሽ አድርጊ። ለወገብ ሕመም የተገዛ ዲክሎፌናክ ካለ እሱንም ንገሪ፤ አንጀቱን የሚቀሰቅሰው እሱ ሊሆን ይችላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጣቸው፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ ያስነሣቸው እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ። እናቶቻችን ይህን በልጅ ፊት ማውራት ያፍራሉና ስልኩን ሰጥተሽ ወጣ በይ።

ትኩሳት፣ ከብርቱ ሕመም ጋር የሆድ መነፋት ወይም የማይቆም ደም ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ።