ሁለተኛው ዓይን የት አለ?

ለምትጽፉ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ በጻፍኩት ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ባለርስት ነበር። ጭሰኞቹን ይገርፋል፣ እህል ይደብቃል፣ ሲስቅ እንኳ ያስፈራል። በጣም ኮርቼበት ነበር። ረቂቁን ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አነበብኩላቸው። በዝምታ ሰምተው ሲያበቁ፣ «የዚህ ሰው ሁለተኛ ዓይኑ የት አለ?» አሉኝ።

አልገባኝም። በማግስቱ ወደ ደብራቸው ወስደው ግድግዳውን አሳዩኝ። በቀደመው የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው እያዩን ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይከተላሉ፤ የእኛ ወገን ፊት ለፊት፣ የጣሊያን ወታደር በጎን። ፊደል ያልቆጠረም ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ለቤተ ክርስቲያን ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ምእመኑ ከቅዱሱ ጋር ዓይን ለዓይን ይገናኛል፣ ከክፉው ጋር ግን አይተያይም። የልብ ወለድ ሥራ ሌላ ነው። አንባቢ ክፉውንም ፊት ለፊት ማየት፣ በክፉውም መታየት አለበት። እኔ ባለርስቴን በጎን ሥዬው ነበር።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ሥዕል እዩ እላችኋለሁ። ይህን ስላችሁ ግን ዋናውን ገጸ ባሕርያችሁን ሠዓሊ አድርጉት ማለቴ አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ በቀለም ስሞች ገጽ ሙሉ ማለቴም አይደለም፤ ይህ ሥዕልንም ጽሑፍንም መጉዳት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። «ጎልጎታ» በተሰኘው ሥዕሉ ስቅለትን በቀይ ቀለም ነው የነገረን። ግጥሙን ደግሞ በቃል ሠራው፤ አንዱን ጥበብ የሌላው ጌጥ አላደረገውም።

ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ለብዙዎቻችሁ መንገድ ማሳያ ብቻ ነው። እባካችሁ አንድ ቀን ቀረብ ብላችሁ ቅርጾቹን እዩ። ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራፂዎች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የ1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋን ሲቀርጹ የሞተውን ሁሉ ሊያሳዩን አይችሉም ነበር፤ ሰሌዳው ጠባብ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሰዎችን መረጡ። እኛ ጸሐፊዎች «ሺዎች አለቁ» ብለን እናልፋለን፤ አንባቢም አብሮን ያልፋል። ቀራፂ እንዲህ ማለፍ አይችልም፤ እጅ ካለ የሆነ ነገር መያዝ ወይም ባዶ መሆን አለበት፤ የወደቀ ሰው ካለ በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ መታወቅ አለበት። አንድ ትዕይንት ጽፌ ስጨርስ ዛሬም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የእያንዳንዱ ሰው እጅ አሁን ምን ላይ ነው? ካላወቅኩ ትዕይንቱን ገና አላየሁትም።

ሙዚየም ስትገቡ ሁሉንም ለማዳረስ አትሩጡ። ከአንድ ሥራ ፊት ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ስልካችሁን ዝጉ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያሰለቻሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይን መሥራት የሚጀምረው።

ባለርስቱን እንደገና ስጽፈው፣ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን የሞተች ልጁን ጫማ ሞራ ሲቀባ አገኘሁት፤ ቆዳው እንዳይደርቅ። ጭሰኞቹን መግረፉን ግን አላቆመም።